እምነት ወይስ ሥራ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በእምነት ስለ መጽደቅ፣ ማለትም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ ተብሎ ስለ መቆጠር፣ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

በእምነት ብቻ ከጸደቅኩ፣ እንደ ልቤ ብኖር ምን ችግር አለው?

ይቺን ጥያቄ ጳውሎስም ሰምቷታል። «መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ ይላል» እያሉ ስሙን ያጠፉት ነበር (ሮሜ 3፥8)። ምዕራፍ 6 ላይ ራሱ አንስቶ ይመልሳታል። መልሱ ላይ ግን ማስፈራሪያ የለም። ለኃጢአት የሞተ ሰው እንዴት ተመልሶ በኃጢአት ይኖራል? ነው የሚለው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ጸጋ ተሰብኮ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ከጠፋ፣ ሰባኪው ጸጋውን ሸራርፎታል ማለት ነው።

ጳውሎስ ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት ይጸድቃል ይላል። ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ በመልእክቱ (ምዕራፍ 2) በእምነት ብቻ አይደለም ይላል። ሁለቱም ምሳሌያቸው አብርሃም ነው። ማንን እንመን?

ሁለቱንም። ግን የአብርሃምን ታሪክ በቅደም ተከተል አንብቡት። ዘፍጥረት 15 ላይ እግዚአብሔርን አመነ፤ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። ያኔ ልጅ የለውም፤ አልተገረዘም፤ የሙሴ ሕግማ ገና ብዙ ዘመን ይቀረዋል። እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር፤ ሲገረዝ ደግሞ 99። ስለዚህ ጽድቁ ከግዝረቱ ቢያንስ በ13 ዓመት ይቀድማል። ጳውሎስ ሮሜ 4 ላይ «መቼ ተቆጠረለት? ተገርዞ ወይስ ሳይገረዝ?» ብሎ የሚሞግተው በዚህ ነው።

ያዕቆብ የሚከፍተው ዘፍጥረት 22ን ነው። ይስሐቅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ የመሥዋዕቱን እንጨት ተሸክሞ ተራራ የወጣበትን። በዚያ የታየው ቀድሞ የነበረው እምነት ነው። ያዕቆብም ዘፍጥረት 15ን ጠቅሶ፣ ያ ቃል በዚህ ሥራ ተፈጸመ ይላል።

የሚያነጋግሯቸው ሰዎችም ይለያያሉ። ጳውሎስ «ካልተገረዛችሁ አትድኑም» ከሚሉት ጋር ነው ክርክሩ። ያዕቆብ ደግሞ የተራበና የታረዘ ወንድሙን «በደህና ሂድ፣ ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ በባዶ እጁ ለሚሸኝ አማኝ ይናገራል። እንዲህ ያለውን እምነት አጋንንትም አላቸው፤ እነሱ እንኳ ቢያንስ ይንቀጠቀጣሉ!

ታዲያ አብያተ ክርስቲያናት ለምን ተጣሉ?

ባጭሩ፣ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ሉተር ጽድቅ የክርስቶስ ሆኖ ለአማኙ ይቆጠርለታል አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤ (በጳጳሳቷ ስብሰባ) እ.ኤ.አ. በ1547 መለሰች። የመጀመሪያውን ጸጋ ማንም በሥራው አያገኘውም፤ ነገር ግን መጽደቅ የውስጥ መታደስንም ይጨምራል፤ በመልካም ሥራም ያድጋል አለች። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. በአውግስበርግ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። በመሠረቱ ተቀራርበዋል፤ ልዩነቱ ሁሉ አለቀ ማለት ግን አይደለም። ኦርቶዶክሶች በዚህ የምዕራቡ ክርክር ውስጥ አልነበሩም። እምነትን፣ ምሥጢራትንና ምግባርን ሳይነጣጥሉ ያስተምራሉ።

እምነቴ ደካማ ነው። ይበቃ ይሆን?

እህቴ፣ ማርቆስ 9 ላይ ያለውን አባት አስቢው። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ነው የጮኸው። ኢየሱስ መጀመሪያ እምነትህን አጠንክረህ ና አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። የሚያድነው የምናምነው ጌታ ነው። የእምነትሽን መጠን ስትለኪ ከዋልሽ፣ ሳይታወቅሽ እምነትን ራሱን ሥራ አደረግሽው።

በመስቀል ላይ የዳነው ወንበዴ ምን ሠራ?

ጥፋቱን አመነ፣ ጓደኛውን ገሠጸ፣ «አስበኝ» አለ። ለሌላ ሥራ ጊዜ አልነበረውም።

ሥራ ካላዳነን ዋጋው ምንድን ነው?

ኤፌሶን 2፥8-9ን በቃላችን ይዘን ቁጥር 10ን እንዘላለን። መልካሙን ሥራ ለማድረግ ተፈጠርን ይላል። ሽልማትም አለ። 1ኛ ቆሮንቶስ 3 ላይ የእያንዳንዱ ሥራ በእሳት ይፈተናል፤ ሥራው የተቃጠለበት ይጎዳል፣ እርሱ ራሱ ግን ይድናል። ሽልማቱ ምን እንደሚመስል ጳውሎስ እዚያ ላይ አልዘረዘረውም፤ እኔም አልጨምርበትም።