ቀዩን እስክሪብቶ ትንሽ አቆዩት

ሰሞኑን አራት ኪሎ አንድ ጀማሪ የእንግሊዝኛ መምህር ማኪያቶ ጋብዞኝ፣ ገና ሳልቀምሰው «ጋሼ፣ ግራመር ላስተምር ወይስ ዝም ብዬ ላናግራቸው?» አለኝ። አዲስ ጥያቄ አይደለም። እኛም በወጣትነታችን ተጨቃጭቀንበታል። ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ላውራ። ማስተማር ስጀምር ሰሌዳውን በሕግ እሞላለሁ፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ፈተናውን ይደፍናሉ። ከክፍል ሲወጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። አንድ ቀን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ኤክስፕሌይን ሚ ዚስ ዋን» አለ። ክፍሉ ሁሉ እየሰማ አረምኩት። ጥያቄውን እንኳ አልመለስኩለትም። ዓመቱን ሙሉ ሁለተኛ እጁን አላወጣም።

እስቲ ልጁ ያለውን እዩት። በአማርኛ «ነገረኝ»፣ «ሰጠኝ»፣ «አስረዳኝ» እንላለን፤ «ኝ» ሁሉም ላይ እኩል ትለጠፋለች። እንግሊዝኛ ደግሞ «ቴል ሚ»ን እና «ጊቭ ሚ»ን ፈቅዶ «ኤክስፕሌይን» ላይ ሲደርስ «ቱ ሚ» ካልተባልኩ ይላል። ልጁ ከሚያውቀው ተነስቶ ገመተ፤ ያውም ጥሩ ግምት። ፒት ኮርደር የተባለው የቋንቋ ምሁር እንደ ፈረንጆቹ በ1967 የተማሪ ስህተት ልጁ የት እንደደረሰ ለመምህሩ ያሳያል ብሎ ጽፏል። እኔ ያነበብኩት ግን ልጁ ከሄደ በኋላ ነው።

ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ ጥያቄውን እመልስለታለሁ። ከዚያ ሦስቱን ግሶች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እጽፍና ልዩነቱን ራሳቸው እንዲያገኙት እተዋቸዋለሁ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ለሌላው ከቤቱ ትምህርት ቤት ድረስ በየትኛው ታክሲ እንደሚመጣ ያስረዳል፤ የሰማው ደግሞ ለሦስተኛ ሰው «እንዲህ ብሎ አስረዳኝ» ብሎ ይናገራል። ያቺ «ቱ ሚ» ሳይወዱ በግድ ትመጣለች።

ሰዋስው ጭራሽ አታስተምሩ የሚሉም አሉ። ክራሸን የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ተማሪው የሚገባውን ቋንቋ በብዛት ከሰማ ሰዋስዉ በራሱ ይመጣል ይላል። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ግን የኛ ልጅ እንግሊዝኛ የሚሰማው በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ከበር ሲወጣ የታክሲ ረዳቱም ባለሱቁም አማርኛ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ኧረ መቼ ሰምቶ ይድረስ?

በኋላ ለውጭ ሰዎች አማርኛ ማስተማር ጀመርኩ፤ ነገሩ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። አንድ ጎልማሳ «ስጠኝ፣ ስጪኝ፣ ስጡኝ፣ ይስጡኝ» የሚለውን ሰንጠረዥ ያለ አንድ ስህተት ጻፈልኝ። ደስ ብሎኝ ፒያሳ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ወሰድኩት። ቁጭ እንዳለ «ቡና ስጠኝ!» አላት። «ውይ፣ ወንድ አደረግከኝ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እሱም ሳቀ፣ ፊቱ ግን ቲማቲም መሰለ።

በነጋታው ክፍል ውስጥ ወደ እኔ ዞሮ፣ በሙሉ ልብ፣ «እርሳስ ስጪኝ» አለኝ።

«ውይ፣ ሴት አደረግከኝ!» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ይስጡኝ» አለ።