የሚረዝመው ፎጣ

ጥያቄ፦ እህቴን አራስ ስጠይቅ ይዤላት የምሄደው የፊት መታጠቢያ ፎጣ በሹራብ መርፌ ጀምሬ ነበር። አራት ማዕዘን መሆኑ ቀርቶ እየረዘመ ሄደ፤ ውሃም አይጠጣም። ምን ይሻላል? (አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ውሃ የማይጠጣው በክሩ ነው። ቁራጭ ክር በክብሪት ይለኩሱ፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ዐመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይጠጥራል። የሸማኔ ማግ አንመክርም፤ አከራረሩ ልል ነው። ለአንድ ፎጣ 50 ግራም የጥጥ ክርና 4.5 ሚሊሜትር መርፌ ይበቃል።

የመርዘሙ ምክንያት መቀነሻው (ቀለበት የሚቀነስበት ክፍል) ላይ ነው። በ4 ቀለበት (መርፌው ላይ በሚያዝ የክር ዙር) ይጀምሩ፤ ሁለቱንም ገጽ በአንድ ዓይነት እየሠሩ፣ በየረድፉ ከ2 ቀለበት በኋላ ክሩን መርፌው ላይ አንዴ ይጠምጥሙና ቀሪውን ይጨርሱ። 44 ሲደርስ በየረድፉ እንዲህ ይቀንሱ፦ 1 ይሥሩ፣ 2 ያጣምሩ (ሁለቱን እንደ አንድ ይሥሩ)፣ ክሩን ይጠምጥሙ፣ እንደገና 2 ያጣምሩ፣ ቀሪውን ይጨርሱ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህችን ሁለተኛ ማጣመር ነው። ያኔ ጥምጥሙ የተቀነሰውን ይተካል፣ ቁጥሩ 44 ላይ ይቆማል፣ ፎጣውም ዝም ብሎ ይረዝማል። 4 ሲቀር ይዝጉ።

ሳይሰጡ በፊት በሙቅ ውሃ ይጠቡት፤ መኮማተሩን እርስዎ ቤት ይጨርስ። ቀለም ከለቀቀ ለአራስ ቤት አይሆንም።