ንጉሡ «አሰራጩ» ወይስ «አስተላለፉ»?

ጥያቄ፦ ስለ ጣልያን ወረራ ዘመን ሬዲዮ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ንግግር አሰራጩ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «አስተላለፉ ነው የሚባለው» አለኝ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ እኔ ወደ ጓደኛዎ አደላለሁ። «አስተላለፈ» የመጣው «አለፈ» ከሚለው ግሥ ነው። አንድ ነገር ከዚህ ሰው ወደዚያ ሰው እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ «ለማን?» ያሰኛል። ንጉሡ ያን ቀን የተናገሩት ለአሜሪካ ሕዝብ ነበር። ጦርነቱ ሊጀመር የቀረው ሦስት ሳምንት ያህል ነው። ንግግሩ መልእክት ነበር፤ ተቀባዩም ይታወቃል።

«አሰራጨ» ግን ተቀባይ አይመርጥም። «የት የት ደረሰ?» ነው የሚያሰኘው። ወሬ ይሰራጫል፣ በሽታ ይሰራጫል። መስከረም 21፣ በወረራው ዋዜማ፣ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሲናገር ድምፁ በመላ ጣልያን በየአደባባዩ በድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር። እዚህ ላይ «ተሰራጨ» ልክክ ይላል።

ይሁንና «ንጉሡ አስተላለፉ» የሚለውም ሙሉ በሙሉ አይጥመኝም። ሰው ይናገራል፤ የሚያስተላልፈው ጣቢያው ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልዎ። በዚያው ሰሞን እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ በአማርኛ ተናገሩ። ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ንግግሩን ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። አቃቂ አስተላለፈው። «እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች አስተላለፉ» ብለን ብንጨርሰው የልዕልቲቱ ድርሻ ድራሹ ይጠፋል። የታሪክ ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። አንባቢ ማን ምን እንደሠራ የሚያውቀው ከግሡ ነውና።

ጣቢያውንም «ንጉሡ ሠሩት» እንዳይሉ። ንጉሡ አሠሩት፤ የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣልያን ኩባንያ ነው፤ የተመረቀውም በ1927 ዓ.ም. ነው። በ«ሠሩ» እና በ«አሠሩ» መካከል ያለችው አንዲት «አ» እዚህ ላይ ትልቅ ታሪክ ተሸክማለች።

«ንግግሩ አየር ላይ ዋለ» የሚሉም አሉ። ለዛሬ ዜና ይሁን፤ ለ1928 ግን የዘመኑን ጠረን ያጠፋዋል ባይ ነኝ።

የእርስዎን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩንም የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ አስተላለፈው።»