ለብጉር ሌዘር ልሠራ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ድረስ እየተመላለስሽ ለብጉርሽ ሌዘር ብትሠሪ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ብሆን አልቸኩልም። አሁንም እየወጣ ያለ ብጉር ነው ወይስ ጥሎት የሄደው ጠባሳ? ሌዘር ይበልጥ የሚታወቀው በጠባሳው ነው። ለሚወጣው ብጉር መጀመሪያ የሚሞከረው ቅባት ነው፤ አዳፓሊን እና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ። (ሁለተኛው የትራስ ልብስ ያነጣል፣ ነጭ አንጥፊ።) ለውጡ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ግን ቶሎ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አዳፓሊን ይቅርብሽ።

ትልቁ ጉዳይ የቆዳችን ቀለም ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ የሌዘሩን ብርሃን ራሱ ስለሚስብ ሊቃጠል ይችላል፤ ከብጉሩ የባሰ ጥቁር ምልክትም ሊተርፍሽ ይችላል። ስለዚህ የማሽኑን ዓይነት ጠይቂ። ለጠቆረ ቆዳ የተሻለ የሚባለው ኤንዲ ያግ (Nd:YAG) የተባለው የሌዘር ዓይነት ነው፤ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው። «ለሁሉም ቆዳ ይሆናል» ብለው ካለፉሽ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ።

ደግሞ የቆዳ ማቅሊያ ክሬም እየተቀባሽ እንዳይሆን! ከእነሱ መሃል ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ያለበት አይጠፋም፤ እሱ ራሱ ብጉር ያወጣል። ከተቀባሽ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው፣ እንዴት እንደምታቆሚው የሚነግርሽ እሱ ነው። አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ፤ መጀመሪያ እዚያ ታዪ።