በህዳር ብርድ ጣና ዳር ንስርና ጭላት ልትቆጥሩ ላሰባችሁ

የእህታችን ጥያቄ ይሄ ነው፦ «በህዳር መጨረሻ ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳር ላይ ከሰሜን የሚመጡትን ንስሮችና ጭላቶች አንድ ቀን ሙሉ ልንቆጥር አስበናል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ብንወጣ ይሻላል? አንዱን አሞራ ሁለቴ እንዳንቆጥርስ ምን እናድርግ?» ከእኔ በፊት የመለሱት ብዙዎቹ «በሌሊት ውጡ» ብለዋል። እኔ አልስማማም።

ሌሊት 11 ሰዓት ቤዛዊት ላይ የምታገኙት ብርድ ብቻ ነው። ትልልቆቹ አዳኝ ወፎች ያን ሁሉ አገር የሚያቋርጡት ክንፋቸውን እየመቱ አይደለም። መሬት በፀሐይ ሲሞቅ ሽቅብ የሚነሳ ሞቃት አየር አለ። እሱን ይዘው እየዞሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደፊት ይንሸራተታሉ። በህዳር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ይበርዳል፣ መሬቱም ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ንስሩ ዛፍ ላይ ወይም እርሻ መሀል ኩፍስ ብሎ ቁጭ ነው። ስለዚህ ቁርሳችሁን በልታችሁ፣ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብትደርሱ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም። ዋናው ሰዓት ከአራት እስከ ስምንት ነው። ቀኑን ካስቀደማችሁት ህዳር 12 እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። ህዳር ሲታጠን ከተማው ጭስ በጭስ ስለሚሆን የአባይ ማዶ እንኳ በቅጡ አይታይም።

ቤዛዊት ስትወጡ ደግሞ ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞራል። ለፎቶ ጥሩ ነው፣ ለቆጠራ ግን አይረባም። ውሃ እንደ መሬት ቶሎ አይሞቅም፤ ከላዩም ያ ሞቃት አየር እንደልብ አይነሳም። ንስርና ባዛርድ (ክንፈ ሰፊ አዳኝ ወፍ) ስለዚህ ጣናን መሀል ለመሀል መቁረጥ አይወዱም፣ ዳር ዳሩን ነው የሚዞሩት። እናንተም ከአባይ ማዶ ያለውን የእርሻ መሬት ነው ማየት ያለባችሁ። ሃሪየር (ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ የሚያድን)፣ ኬስትረል (ትንሽ ጭልፊት) እና ኦስፕሪ (ዓሣ አዳኝ) ክንፋቸውን እየመቱ መሄድ ስለሚችሉ ውሃ አያሳስባቸውም። ነጭ ደመና ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ጥቁር ነጥብ ነጭ ላይ ቶሎ ይታያል። ባዶ ሰማያዊ ሰማይ ዓይን ያደክማል።

ሁለቴ ስለመቁጠር፦ አሞራው እየዞረ እያለ አትቁጠሩት። አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፣ ሦስታችሁ ሦስት ቁጥር ይዛችሁ ትጨቃጨቃላችሁ። ከላይ ደርሰው አንድ በአንድ ተሰልፈው መንሸራተት ሲጀምሩ ነው የሚቆጠሩት። ማዶ ያለ ምሰሶ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ምረጡና በሐሳባችሁ መስመር አስምሩ። መስመሩን ወደ ደቡብ ያለፈ ይመዘገባል፣ የተመለሰ ይቀነሳል። አንድ ሰው ይጻፍ፣ ሌሎቹ ዓይናቸውን ከሰማይ አይንቀሉ።

መስመሩን ያለፈ ሁሉ ግን እንግዳ አይደለም። ከተማው ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያንዣብበውና ዓሣ አራጆቹ የጣሉትን አንጀት የሚሞጨልፈው ጭላት አብዛኛው የአገሩ ልጅ ነው። ጠጋ ካለላችሁ ምንቃሩን እዩ። የእኛው ጭላት ሲጎለምስ ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው፤ የእንግዳው ጫፉ ጥቁር ነው። ፔሊካንና አባ ኮዳም ያንኑ ሞቃት አየር ስለሚጋሩ ከሩቅ ያታልላሉ። አባ ኮዳ እግሩ ከጭራው አልፎ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ይታያል።

ንስሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከመካከለኛው እስያና ከሩሲያ ሜዳዎች የሚመጣው የስቴፕ ንስርና እዚሁ የሚኖረው ቡናማው የእኛ ንስር ቁርጥ መንታ ናቸው። ዛፍ ላይ ካገኛችሁት የአፉን ቢጫ ከንፈር በባይኖኩላር ተከተሉት። በስቴፕ ንስር ከንፈሩ እስከ ዓይኑ የኋላ ጠርዝ ይዘልቃል፤ በእኛው ዓይኑ መሀል ላይ ይቆማል። በሰማይ ላይ ወጣቱን የስቴፕ ንስር ከክንፉ ሥር በሚያልፈው ሰፊ ነጭ መስመር ትለዩታላችሁ። ካልለያችሁት «ያልታወቀ ንስር» ብላችሁ ጻፉ። እኔ «ያልታወቀ» የሌለበት መዝገብ ሳይ እጠራጠራለሁ። የስቴፕ ንስር በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ወፎች አንዱ ስለሆነ በግምት መሙላት አይገባም።

አሁን ደስ የማይላችሁን ልንገራችሁ። በህዳር መጨረሻ ሰልፉ በአብዛኛው አልፏል። ከእስያ በዓረቢያ በኩል የሚመጡት በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለውን ባብ ኤል መንደብ የተባለ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ተሻግረው ነው አፍሪካ የሚገቡት። እንደ ፈረንጆቹ በ1987 መጸው ጅቡቲ ላይ በተደረገው ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ተመዝግበዋል። የስቴፕ ንስሩ መሻገሪያ የሚደምቀው ግን ጥቅምት ላይ ነው። እኛ ጋ በህዳር መጨረሻ የምታዩት አብዛኛው በጋውን እዚሁ ሊያሳልፍ ያረፈ ነው። ጅቡቲን አስባችሁ ከመጣችሁ በእጃችሁ የሚቀረው ጥቂት ቁጥር ነው።

ስለዚህ ከቀኑ ይልቅ ምሽቱን ብትይዙ እመርጣለሁ። ከሰዓት በኋላ በጎንደር መንገድ ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ ወረታ ሂዱ። በዚህ ወቅት ሩዙ እየታጨደ ነው። አጨዳው አይጡንና ፌንጣውን ያጋልጣል፤ ሃሪየሮቹ ገለባው ላይ ዝቅ ብለው፣ ክንፋቸውን ወደ ላይ ቀሰር አድርገው ይመላለሳሉ። ምሽት ላይ ደግሞ ሣሩ ውስጥ መሬት ላይ ተሰብስበው ያድራሉ፤ የረግረጉ ሃሪየር ደንገልና ሸምበቆ ይመርጣል። ማደሪያው የት እንደሆነ እዚያው የሚያጭዱትን ጠይቁ። «አባባ፣ እነዚህ ጭላቶች ማታ የት ነው የሚገቡት?» ብትሉ ከማንም መመሪያ በላይ ያሳዩዋችኋል። «ጫጩት የሚወስደውን ነው?» ብለው መሳቃቸው አይቀርም።

ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ ጨርሶ ወደ ሣሩ አትግቡ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ይመጣሉ። ግራጫው ወንድ በመጨረሻው ብርሃን ነጭ መስሎ ይታያል፣ የክንፉ ጫፍ ብቻ ጥቁር። ሴቶቹና ወጣቶቹ ቡናማ ሆነው ከጭራቸው በላይ ነጭ አላቸው፤ ዝርያቸውን በዚያ ሰዓት ለመለየት አትድከሙ። ከዚያ እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይነሳል፣ ዞሮ ደግሞ ሌላ ቦታ ያርፋል። ሜዳውን ለሁለት ተካፈሉና እያንዳንዳችሁ በየበኩላችሁ የገባውን ደምሩ፣ የወጣውን ቀንሱ። ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ድረስ አትነሱ፤ ብዙዎቹ የሚገቡት ሊጨልም ሲል ነው። ብርዱ ከእርጥቡ መሬት የሚነሳው እዚያን ጊዜ ስለሆነ ጋቢ ያዙ። የወባ ትንኙም አለ።

ባይኖኩላር ስታወጡ ሰው ይጠራጠራል። ቤዛዊት ላይ ቤተ መንግሥቱ ስላለ ወደዚያ አታነጣጥሩ፣ መጀመሪያ ጥበቃዎቹን ሰላም ብላችሁ አስረዱ። «አሞራ ነው የምንቆጥረው ጋሼ» ስትሉ ማመን ቢቸግራቸው መነጽሩን ስጧቸውና ራሳቸው ይዩ።

ቆጠራውን ኢበርድ (eBird፣ የወፍ ምልከታ የሚመዘገብበት ድረ ገጽ) ላይ ስታስገቡ የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ሰዓት፣ ነፋሱንና ደመናውን ጻፉ። ምንም ያላለፈበት ሰዓት «ዜሮ» ተብሎ ይመዝገብ፣ ባዶ አይተው። የፎገራውን ጉዞ ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዕለቱ ጠይቃችሁ፣ ከሹፌሩ ጋር የመመለሻውን ሰዓት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከመሸ በኋላ ከወረታ ትራንስፖርት መፈለግ ጣጣ ነው።