ጥያቄና መልስ፦ የውጭ ደንበኛ «የካርቦን አሻራችሁን ላኩ» ሲል

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ቦርሳ የሚሰፋው፣ የሚሸምነው፣ ብር የሚሠራው፣ ሁሉም ከውጭ ደንበኛቸው አንድ ፎርም ደርሷቸዋል። ሥራችሁ በዓመት ስንት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ ንገሩን ይላል። ግማሾቻችሁ ተናዳችኋል፣ ግማሾቻችሁ ፈርታችኋል፣ አንዱ ደግሞ «ዝም ብዬ የሆነ ቁጥር ልሙላና ልገላገል?» ብሎኛል። አትገላገልም፤ በዓመቱ ያው ፎርም ሲመጣ የዘንድሮው ቁጥርህ ከአምናው ጋር ይጋጫል። የቀሩትን ደግሞ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ተክለሃይማኖት አካባቢ አራት ሆነን የቆዳ ቦርሳ እንሰፋለን። የጀርመን ደንበኛችን ስኮፕ 1፣ ስኮፕ 2፣ ስኮፕ 3 የሚል ፎርም ላከችልን። አማካሪ ብጠይቅ የጠራልኝ ዋጋ ከሦስት ወር ኪራያችን ይበልጣል። ያለ አማካሪ አይሞላም?»

ይሞላል እንጂ። ብርሽን ያዢ።

ስኮፕ የሚባለው፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል የተባለ የአቆጣጠር ደንብ ያመጣው አከፋፈል ነው። ስኮፕ 1 ራሳችሁ ያቃጠላችሁት ነው፦ የጄኔሬተር ቤንዚን፣ የሲሊንደር ጋዝ፣ የድርጅቱ መኪና ካለ ነዳጁ። ስኮፕ 2 የገዛችሁት መብራት ነው። ስኮፕ 3 የቀረው ሁሉ፦ ቆዳው፣ ገበሩ፣ ዚፑ፣ ማስቲሹ፣ የሠራተኛው ታክሲ፣ ዕቃው ጀርመን እስኪደርስ የተጓዘበት።

ስሌቱ ማባዛት ብቻ ነው። የተጠቀማችሁትን መጠን በማባዣ ቁጥሩ ታባዣለሽ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ናፍጣ ወደ 2.7። (አንድ ኪሎ የማይሞላ ሊትር እንዴት ከ2 ኪሎ በላይ ያወጣል ለምትሉ፦ ካርቦኑ ሲቃጠል ከአየር ላይ ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው።) እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ለጄኔሬተሩ በሳምንት 5 ሊትር ቤንዚን የምትገዙ ከሆነ በዓመት 260 ሊትር ነው። በ2.3 ሲባዛ 598 ኪሎ። ስኮፕ 1 አለቀ፤ አማካሪውም ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቦርሳዎቻችሁ በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ጭነት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይያዛል። ልዩነቱ የሚመጣው አውሮፕላኑ ከፍታ ላይ ሆኖ የሚያሳድረውን ተጨማሪ ጉዳት ስሌቱ ውስጥ ከማስገባትና ካለማስገባት ነው። 200 ኪሎ ቦርሳ ብትልኩ ከ600 እስከ 1,000 ኪሎ። የዓመት ጄኔሬተራችሁን አንድ ጭነት በለጠው ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን ቆዳው ነው፤ እዚህ ላይ ቀስ በይ። ትልቁ ቁጥር ያለው ቆዳ ፋብሪካው ጋ አይደለም፣ ከብቱ ጋ ነው። ከብት ሲያመሰኳ ሜቴን ያወጣል፤ ሜቴን በ100 ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ያሞቃል። ታዲያ የከብቱ ዕዳ ለሥጋው፣ ለወተቱና ለቆዳው እንዴት ይከፋፈል? ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። አንዳንዱ ቆዳ ተረፈ ምርት ነው ብሎ ምንም አያሸክመውም፣ ሌላው በሽያጭ ዋጋ ድርሻ ያካፍላል። ስለዚህ ያው አንድ ቆዳ በአንዱ ሰንጠረዥ እዚህ ግባ የማይባል፣ በሌላው ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ ቁጥር ያመጣል። አንቺ ይሄን አትፈቺውም። የገዛሽውን ቆዳ በስኩዌር ፊት ጻፊ፣ የበግ ነው የከብት፣ በክሮም የለፋ ነው በዕፅ፣ ከየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ጻፊ፤ ማባዣውን ራሷ ደንበኛሽ የምትጠቀምበትን እንድትሰጥሽ ጠይቂያት። ልትሰጥሽ ይገባል፣ ምክንያቱም እሷ ያንቺን ቁጥር ከሌሎች አቅራቢዎቿ ቁጥር ጋር አንድ ላይ መደመሯ አይቀርም።

ያልመዘንሽው ነገር ጎን «ግምት» ብለሽ ጻፊ። አያሳፍርም፤ ደንቡ ራሱ ይፈቅዳል።

«ፒያሳ ያለችው የልብስ ስፌት ክፍሌ ቆጣሪ የላትም፣ ከአከራዬና ከጎን ካለው ካፌ ጋር ነው የምጋራው። የእኔን መብራት እንዴት ልለየው? ደግሞስ የካፌው ማሽን የሚበላውን እኔ ልጠየቅበት?»

በካፌው ማሽን አትጠየቅም። የራስህን ከማሽኖችህ ተነስተህ አስላ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሳህን እያት፣ ዋት የሚል ቁጥር አለባት። 400 ዋት ነው እንበል። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ብትሠራ በዓመት 960 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። በርግጥ ሞተሩ ሙሉ ቀን አይዞርም፣ ስለዚህ ይሄ ጣሪያው ነው። ካውያህን ግን እንዳትረሳ፤ ከማሽኑ በላይ የሚበላው እሱ ነው።

ደስ የሚለው ነገር አለ። የአገራችን ኃይል ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው የሚመነጨው፣ ትንሽ ነፋስ ይጨመርበታል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ የስኮፕ 2 ቁጥርህ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። አደጋው ያለው ኢንተርኔት ላይ ካሉት ማስያዎች ነው። አገር ካልመረጥክላቸው የዓለምን አማካይ ይወስዱና በኪሎዋት ሰዓት ከ0.4 ኪሎ በላይ ይጭኑብሃል፤ የአንተ 960 ወደ 400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠግቶ ቁጭ ይላል። የሌለህን ዕዳ ፈርመህ ላክህ ማለት ነው። ኢትዮጵያ የሚለውን ምረጥ፣ ከሌለ ኪሎዋት ሰዓቱን ብቻ ጻፍና «ከብሔራዊ መስመር፣ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል» በል።

«ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነኝ። በእጅ እሸምናለሁ፣ ማጉን እናቶች በእንዝርት ይፈትላሉ። ሞተር የለ፣ ጭስ የለ። ዜሮ ብዬ ልላክ?»

አይሆንም ወንድሜ። ሽመናህ ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ ጋቢህ ግን አይደለም።

ማጉ በእንዝርት ቢፈተልም ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። ጥጡ ማዳበሪያ አይቶ ከሆነ ከማሳው ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ250 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ለጥለቱ የምትገዛው የሚያብረቀርቅ ክር ከውጭ የመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። ድር ስንት ኪሎ፣ ማግ ስንት ኪሎ፣ ጥለት ስንት ኪሎ፣ ለያይተህ ጻፍ። የእጅ ፈትሉን በተለይ ለይተው፤ ደንበኛህ አንተን የመረጠበት ምክንያት እሱ ነውና በቁጥር ሲታይ ደስ ይለዋል።

ከዚያ መላኪያው። ሁለት ኪሎ ጋቢ በፈጣን መልእክት አውሮፓ ሲሄድ በአውሮፕላኑ ብቻ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሸከማል። በጅቡቲ በኩል በመርከብ ቢሄድ ለዚያው ጋቢ አንድ ኪሎም አይሞላ። ለአንድ ጋቢ መርከብ ጥራ አልልህም፤ ግን ደንበኛው በወር ሦስቴ አምስት አምስት ጋቢ የሚያዝህ ከሆነ «በሦስት ወር አንዴ አጠራቅሜ በባሕር ብልክልህ አሻራህም ወጪህም ይቀንሳል» በለው። ይሄን ሐሳብ ከሸማኔው ሲሰማ የሚገረም ይመስለኛል።

«ቀጨኔ ነን። እናቴ ጀበና ትሠራለች፣ የምታቃጥለው በባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ጭሱ ሰፈሩን ይሞላዋል። ያስጠይቀናል?»

ጭሱን በሁለት ክፈይው። ከእንጨት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛፉ ከአየር የወሰደው ስለሆነ ከነዳጁ ጋር አይደመርም፤ ለብቻው መስመር አለው። በዚያው ጭስ ውስጥ ያለው ሜቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ግን ስኮፕ 1 ውስጥ ይገባል። አንድ ሸክም ቅጠልና ጭራሮ አንዴ ሚዛን ላይ አውጡና ኪሎውን ያዙት፤ ከዚያ በኋላ ሸክሙን መቁጠር ይበቃል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ይሄንንም ጻፉ። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ በባህላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል 5 ኪሎና ከዚያም በላይ እንጨት ይነዳል።

ሳይጠይቁኝ ልጨምር፦ ከፎርሙ በፊት የሚያሳስበኝ የእናትሽ ደረት ነው። እሳቱ ሲቀጣጠል ከነፋሱ በላይ በኩል ትቁም።

«ብርና ወርቅ በመሥራት ነው ያረጀሁት። አውሮፓ የካርቦን ቀረጥ ሊጥልብን ነው እየተባለ ይወራል። ልጆቼ ሥራውን ይተዉት እንዴ?»

ኧረ ጋሼ፣ በፍጹም። የሰሙት የድንበር ካርቦን ማስተካከያ የሚባለውን ነው። ክፍያ ያለበት ምዕራፍ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሯል፤ የሚመለከተው ግን ብረትና አረብ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ፣ ኤሌክትሪክና ሃይድሮጅን ነው። የብር መስቀል የለበትም። ቆዳም ሸማም የለበትም። የሚከፍለውም አስመጪው ነው፣ እርስዎ አይደሉም።

እርስዎ ጋ የሚመጣው ፎርም ሌላ ነው፤ ትልልቅ ድርጅቶች ስለራሳቸው ሪፖርት ሲያወጡ ከአቅራቢ የሚለቅሙት መረጃ። አምስት ደንበኛ አምስት ዓይነት ፎርም ከላከብዎ ልጆችዎ VSME የሚባለውን የአውሮፓ ሕብረት የትናንሽ ድርጅቶች የፈቃደኝነት መመዘኛ ይፈልጉ። በዲሴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ አንዴ ሞልተው ለሁሉም መላክ ይችላሉ።

ደግሞ አንድ ነገር፦ አሮጌ ብር አቅልጠው የሚሠሩ ከሆነ፣ የተሰበረ አምባርም ይሁን የማሪያ ትሬዛ ብር፣ ኪሎውን ለይተው ያስመዝግቡ። ከማዕድን አዲስ ከሚወጣው ብር አሻራው እጅግ ያነሰ ነው። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ሲሠሩት የኖሩትን አሁን ፈረንጅ ይፈልገዋል።

«ክረምት ላይ ከሠራተኞቼ ጋር አረንጓዴ አሻራ ወጥተን ችግኝ ተክለናል። ከጠቅላላው ቀንሼ ቦርሳዬ ላይ ‹ካርቦን ኒውትራል› ብዬ ልለጥፍ?»

አትለጥፊ። «ካርቦን ኒውትራል» ማለት ያወጣሁትን ሁሉ አካክሻለሁ ማለት ነው። ችግኙ ይጽደቅ አይጽደቅ አልታወቀም፣ መሬቱ ያንቺ አይደለም፣ ያንኑ ችግኝ ወረዳውም ቆጥሮታል፣ ምናልባት ጎንሽ የቆመው ባንክም። ደንቡ ላይ ልቀት ከነ ሙሉ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ችግኝ ለብቻው። በዚያ ላይ ከሴፕቴምበር 27 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ የሚሆን የአውሮፓ ሕብረት መመሪያ አለ፤ ሌላ ቦታ በተደረገ ማካካሻ ተደግፎ ዕቃን «ካርቦን ኒውትራል» ብሎ መሸጥን ይከለክላል። ሱቁ ውስጥ ያንቺን መለያ ነቅሎ የሚጥለው ደንበኛሽ ነው የሚሆነው። «በክረምት ይህን ያህል ችግኝ ተክለናል» ብለሽ ከፎቶ ጋር ላኪ፣ እሱ እውነት ነው፣ ማንም አይነካሽም።

«ፎርሙ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይላል፣ የእኔ ሒሳብ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ግማሹን ደግሞ ከመርካቶ ያለ ደረሰኝ ነው የገዛሁት። ምን ይሻላል?»

ዓመቱ አያሳስብህ። ተከታታይ 12 ወር ይሁን፣ በየዓመቱ ያው ይሁን፣ «ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7» ብለህ ከላይ ጻፍበት፣ በቃ።

ደረሰኝ የሌለውን ካለፈው ይልቅ ከነገ ጀምር። አንድ ደብተር ግዛና አምስት መስመር አስምር፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ኪሎ ወይም ሊትር፣ ከየት፣ በምን ተጓጓዘ። ብሩን እዚያ ላይ አትጻፍ፤ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚዘል ለካርቦን ስሌት አይረዳህም፣ ኪሎው ነው የሚረዳህ። ላለፉት ወራት ደግሞ ባለሱቁን ደውልለት። የመርካቶ ነጋዴ ደረሰኝ ባይሰጥህም ስንት ቦንዳ እንደወሰድክበት አይረሳም፣ በተለይ ዱቤ ካለብህ።