ሳትለኩ አትፍቱ፦ ስለ ዘይት ግፊት ለወጣት መካኒኮች

ልጆቼ፣

ሐረርን ከፔጆ 404 ለይቶ የሚያነሣ መካኒክ የለም። ድሬዳዋም ብትሄዱ አሮጌ ቮልስ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ማየት ብርቅ አይደለም። ባለቤቷ «ዘይት መብራት በራብኝ» ብሎ ጋራዥ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይደረጋል። ወይ ወፍራም ዘይት ተሞልቶላት ትሸኛለች፣ ወይ በዚያው ቀን ሞተሯ ይወርዳል። ሁለቱም ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ በዚህ ፍርድ ደኅና ሞተር ሲበላሽና የድሃ ገንዘብ ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

ከሁሉ በፊት ይህ ይግባችሁ። የዘይት ፓምፕ ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊት አይሠራም። ግፊቱ የሚፈጠረው የተገፋው ዘይት በጠባብ መንገድ ለማለፍ ሲታገል ነው። ዋናው ጠባብ መንገድ ደግሞ በብሮንዚናውና በክራንክሻፍቱ አንገት መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ክራንክሻፍት የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ብሮንዚና ደግሞ አንገቱ የሚዞርበት ስስ የብረት ማረፊያ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው አንገት ላይ ክፍተቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የራስ ጸጉር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይወፍራል። ክፍተቱ በእጥፍ ሲሰፋ የሚያመልጠው ዘይት በእጥፍ ብቻ አይጨምርም፤ ወደ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። አንድ ብሮንዚና ብቻ ሲበላ የሁሉም ግፊት የሚወርደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ግፊት ወረደ ማለት ዘይቱ አንሷል ወይም ቀጥኗል፣ ፓምፑ መሳብ ወይም መግፋት አቅቶታል፣ ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ክፍት ቀርቷል፣ አለዚያም ክፍተቶቹ ሰፍተዋል ማለት ነው። ፍለጋውን ከርካሹ ጀምራችሁ ወደ ውዱ ሂዱ።

ርካሹ የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ዘንጉን ስታወጡ ልኩን ብቻ አይታችሁ አትመልሱት፤ አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ዘይት በአሮጌ መኪና ላይ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል። በ404ም በቮልስም የቤንዚን ፓምፑ በሞተሩ አካል ላይ የተቀመጠ፣ በውስጡ የጎማ ዲያፍራም (የሚርገበገብ ስስ ሽፋን) ያለው ነው። ዲያፍራሙ ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ በቀጥታ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ባለቤቱ «መኪናዬ ዘይት አትበላም፣ እንዲያውም ይጨምርላታል» ካላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ዘይት በራሱ አይጨምርም። አንድ ጠብታ ጋዜጣ ላይ ጣሉና ጠብቁ፤ በጥቁሩ ዙሪያ ቀጭን እርጥብ ቀለበት በፍጥነት ከሰፋ ነዳጅ አለበት። የቤንዚን ፓምፑን ፈትታችሁ ዲያፍራሙን ቀይሩ፣ የካርቡሬተሩን ተንሳፋፊና መርፌ እዩ፣ ከዚያ ዘይቱን ከነፊልትሮው ለውጡ። ስንት ሞተር «ብሮንዚና በልቷል» ተብሎ የተፈታው በዚህች ቁራጭ ጎማ ምክንያት ነው!

ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከመጣ ውኃ ገብቶበታል። የ404 ሲሊንደር ሸሚዞች፣ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች፣ በውኃ የተከበቡ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ማሸጊያ ሲደክም ውኃው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ጋስኬትም ሲበላሽ ይህንኑ ያደርጋል። ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የታየ ነጭ አረፋ ግን በአጭር ጉዞ ከተጠራቀመ እንፋሎት ሊሆን ስለሚችል በእሱ ብቻ አትፍረዱ።

ዘይቱ ደኅና ከሆነ ለኩ። የዳሽቦርዱን መብራት አትመኑ። የቮልስ መብራት የሚጠፋው ግፊቱ ከ0.15 እስከ 0.45 ባር ሲደርስ ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር እየሄደች ግፊቷ 0.6 ባር ብቻ ቢሆን መብራቱ ጠፍቶ ብሮንዚናው እየተበላ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሴንሰሩ ራሱ ተበላሽቶ ወይም ሽቦው አካል ነክቶ ጤነኛ ሞተር ላይ መብራት ይበራል። ስለዚህ ሴንሰሩን ፍቱና በቦታው የሜካኒካል ጌጅ ቱቦ እሰሩ። ጥርሱ ከጥርሱ ካልተስማማ በግድ አታስገቡ፤ የቮልስ ብሎክ ስስ ቅይጥ ስለሆነ የሴንሰሩ ጉድጓድ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ቱቦው የጭስ ማውጫውን እንዳይነካ አድርጋችሁ እሰሩት።

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የምታነቡት ቁጥር አያታልላችሁ። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ የደከመውን ሞተር ሁሉ ጀግና ያስመስለዋል። እዚህ አገር ከማንም የተሻለ መፈተኛ አላችሁ፤ የደንገጎ ዳገት። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥታ ከ2,000 ሜትር በላይ የወጣች መኪና ዘይቷ በሚገባ ሞቋል። አናት ላይ አቁማችሁ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ በ2,000 ዙርና በ3,000 ዙር። ለአሮጌ ሞተር የሚሠራው የመካኒኮች ስሌት በየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር ያህል ነው። ቮልስ በ30 ቁጥር ዘይት፣ ዘይቱ 70 ዲግሪ ሲሞቅ፣ በ2,500 ዙር 3 ባር ገደማ መስጠት አለባት፤ ከ2 ባር ከወረደች ደክማለች። ቁጥሮቹን በደብተር ያዙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው መኪና ስትመለስ የሚናገረው እሱ ነው።

አሁን መርፌውን አንብቡ። ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ ዝቅ ብሎ ዙር ሲጨምር በደንብ የሚነሣ ከሆነ ክፍተቶቹ ጥቂት ሰፍተዋል ወይም ዘይቱ ቀጥኗል፤ መኪናዋ እየተጠበቀች ልትሠራ ትችላለች። በቀዝቃዛም በሙቅም፣ በዝቅተኛም በከፍተኛም ዙር እኩል ዝቅ ካለ መጀመሪያ ማስተንፈሻ ቫልቩን፣ ቀጥሎ ፓምፑን ጠርጥሩ። ሚኒሞ ላይ ደኅና ሆኖ ከፍ ባለ ዙር ስትቆዩበት የሚወርድ ከሆነ መሳቢያው ወንፊት ታፍኗል። መርፌው ከተንቀጠቀጠ ወይም በኩርባ ላይ ወደቅ ካለ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው፤ ዘይት አንሷል፣ አለዚያም የመሳቢያው ቧንቧ ላልቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳታልፉ። ኮፓውን፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ፣ ከታች በባትሪ እዩት። በኮረኮንች መንገድ ድንጋይ መትቶት ወደ ውስጥ ከጎበጠ ወለሉ ከወንፊቱ አፍ ጋር ተጠግቶ ሊዘጋው ይችላል። ከላይ ሁሉ ነገር ተለውጦ ምንም የማይሻሻል ሞተር አንዳንዴ በሽታው ይህ ነው።

ቫልቩ ፒስተንና ሞላ ብቻ ነው። በቮልስ ላይ ከብሎኩ ሥር ባለ ትልቅ ቦይ ያለው ብሎን ይዘጋዋል፤ ፈትታችሁ ሞላውን አውጡ። ፒስተኑ ከተጣበቀ በግድ አትንቀሉት፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ማውጫ በውስጡ አስይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። የተጫረ ከሆነ ይቀየራል፣ የቆሸሸ ከሆነ ይታጠባል። ሞላውን ሳብ ሳብ አድርጎ ማስረዘም ወይም ከሥሩ ሮንዴላ መጨመር ግን ሥራ አይደለም፤ ሚኒሞ ላይ ቫልቩ ዝግ ስለሆነ ምንም አይጠቅምም፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ደግሞ ፊልትሮ ባለው ሞተር ላይ ፊልትሮውን ሊያፈነዳ ይችላል።

የዘይት ፓምፑን ስትፈቱ በጥርሶቹ ፊት ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድማችሁ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ፣ በስስ መለኪያ ቅጠሎች፣ ለኩ። የቮልስ ልክ እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ክዳኑ ቦይ ከያዘ ወፍራም መስታወት ላይ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንጥፋችሁ በዘይት እያራሳችሁ እስኪስተካከል አሹት። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ አዲስ ፓምፕ ከመግዛት ያድናል።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ያኔ ብሮንዚናው ይታያል። ከመፍታታችሁ በፊት አድምጡ። የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ድምፅ ጠንካራ ኳኳታ ነው፤ የዚያን ሲሊንደር የካንዴላ፣ የእሳት መስጫው፣ ገመድ ስትነቅሉ ይለዝባል። የዋናው ብሮንዚና ድምፅ ወፍራምና ከታች የሚመጣ ነው፣ ጭነት ሲበዛ ይብሳል። ስትከፍቱ ግራጫው ፊት አልቆ መዳብ የመሰለ ቀለም ከወጣ ዕድሜው አብቅቷል። አዲስ ከመግጠማችሁ በፊት አንገቱን በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ ለኩ፤ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በላይ ሞላላ ከሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ሂዶ ተሞርዶ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ለቀጠነ አንገት የተሠራ ብሮንዚና ይገጠምለት።

የቢየላ ካፕ በሞረድ አሳንሶ ክፍተት ማጥበብ በየሰፈሩ ይሠራል። ልጆቼ፣ አታድርጉት። ካፑ ሲሞረድ ቀዳዳው ክብነቱን ያጣል፤ ብሮንዚናው ላይና ታች ይነክሳል፣ በጎን ይለቃል። ከብሮንዚና ሥር ወረቀት ወይም ቆርቆሮ መክተትም እንዲሁ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ብረቱ እንዳይሸሽ ያግደዋል፣ የዘይቱንም ቀዳዳ ሊዘጋ ይችላል። ደንበኛው ገንዘብ ከሌለው እውነቱን ንገሩት፤ መኪናዋ ትቁም።

ስለ ወፍራም ዘይት፦ በድሬዳዋ ሙቀት 20ደብልዩ-50 ለአሮጌ ሞተር ተገቢ ዘይት ነው። ከዚያ በላይ አወፍራችሁ መርፌውን ከፍ ማድረግ ግን ቴርሞሜትሩን በበረዶ ነክሮ ትኩሳቱ ወረደ እንደ ማለት ነው። ለዓመታት ዝቃጭ የተጠራቀመበትን ሞተርም በማጠቢያ ኬሚካል አትጠቡ፤ የተፈታው ዝቃጭ ወንፊቱን ያፍናል። ኮፓውን አውርዳችሁ በእጅ አጽዱ። ቮልስ 2.5 ሊትር ብቻ ይዛ የወረቀት ፊልትሮ ስለሌላት ወንፊቷን ዘይት በተለወጠ ቁጥር እጠቡ። 404 የምትይዘው 4 ሊትር ነው።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁሉቢ ገብርኤል ንግሥ መኪኖች ሞልተው ዳገቱን ይወጣሉ። ለባለቤቶቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ቀዩ መብራት ዳገት ላይ ከበራ «አናቱ ላይ እናቆማለን» አይባልም። በ3,000 ዙር ክራንክሻፍቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል፤ ያለ ዘይት ደቂቃ አይቆይም። ወዲያው ዳር ይዘው ያጥፉ።

የተጠገነውን ሞተር ደግሞ ደረቅ አታስነሡ። ፓምፑን ስትገጥሙ ውስጡን በቫዝሊን ሙሉት፣ ፊልትሮ ካለው በዘይት ሙሉት። ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጥታችሁ በሞተሪኖ፣ በማስነሻው ሞተር፣ አዙሩ፣ አሥር ሰከንድ እያዞራችሁ አሳርፉት፣ ዓይናችሁም ጌጁ ላይ ይሁን። መርፌው ተነሥቶ ሳታዩ ካንዴላ አትግጠሙ።